ቀባሪነቴን የነጠቀኝ የሸክላ ውሻ

ሳን ሆዜ፣ ኦክቶበር 17 ቀን 2024

ይድረስ ለተከበሩ እትዬ ለተ ማርያም
ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ

ጤናዎ እንደ ጦሳ ተራራ የጸና፣ ምላስዎ እንደ ቦርከና ክረምት ከበጋ የማይነጥፍ ይሁን። እኔ የታናሽ ወንድምዎ የልጅ ልጅ፣ እርስዎ በምክርና በኩርኩም ያሳደጉኝ ሚክያስ፣ ለሰላምታው ያህል ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስል ግን ስለ ሰውነቴ እንጂ ስለ ቤታችን አይደለም።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ቁጭ ብለው ያንብቡ። ጎረቤትዎ ሂክማ አጠገብዎ ካለች እጅዎን ትያዝዎ። ነጠላዎንም ቢያዘቅዝቁት አልቃወምም። እጅግ መራራ ዜና ልነግርዎ ብዕር አንስቻለሁ፤ እንባዬ ቀለሙን እንዳያጥበው ፊቴን ወደ ጎን አዙሬ ነው የምጽፈው። የማይቀረው ደረሰ፣ እትዬ። ታላቅ ወንድምዎ፣ የሳን ሆዜው ዋርካችን፣ ኢንጂነር ጋሼ ኃይለየሱስ፣ ባለፈው እሑድ ምሳ በልተው፣ ሶፋቸው ላይ ጋደም እንዳሉ፣ ድንገት

(ወደ ገጽ ሁለት ይዙሩ)

ቀና ብለው፣ «ሚኪ፣ ከዛሬ ጀምሮ ቀባሪዬ አይደለህም» አሉኝ።

አሁን ይፍረዱ። ከእርስዎ ቤት ወደ እሳቸው ቤት ከመጣሁ ወዲህ ስሜ ሚክያስ መሆኑ ቀርቷል። ጓሮውን ሳጭድ «ተባረክ፣ ቀባሪዬ» ነኝ። ኮሌጁን ሳቋርጥ «የማትረባ ቀባሪ» ነበርኩ። ሲቆጡም ሲወዱም ሥልጣኔን ነክተውት አያውቁም። «አፈር የምታለብሰኝ አንተ ነህ» ሲሉኝ ደረቴን ነፍቼ እንግዳ ፊት እመላለስ ነበር። ሰው በዲግሪው ይኮራል፤ እኔ ያለኝ ይኸው ነበር።

የነጠቀኝ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ውሻ። እሱም በሕይወት ያለ ውሻ ቢሆን እሺ፤ የሸክላ ውሻ! ቀይ ነው፤ እንደ ጫማ የተወለወለ። እግሩ አጭር፣ ሆዱ ድግስ ላይ ከርሞ የመጣ የሚመስል፣ ጅራቱ ላይ ደግሞ እንደ እንስራ አፍ ክፍት ነው። ያመጣላቸው ናታን ነው። ናታንን ያውቁታል፦ የጋሼ የሟች ባለቤታቸው የእትዬ ፋንታዬ የእህት የልጅ ልጅ፤ እዚሁ ኦክላንድ አጠገብ አልባኒ ተወልዶ ያደገው፣ በአማርኛ ጠይቀውት በእንግሊዝኛ የሚመልሰው። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የሚማረው ስለ ጥንት ሰዎች መቃብር ነው። እኔ ከኮሌጅ ስወጣ ቤተሰቡ ሱባዔ ሊገባ ምንም አልቀረውም፤ እሱ ሬሳ ውስጥ ሲርመሰመስ ግን «አይ ጎበዝ!» ይባላል።

የውሻው ነገር እንዲህ ነው። ከሁለት ሺህ ዓመት ገደማ በፊት፣ ሜክሲኮ በስተ ምዕራብ፣ ኮሊማ በሚባል አገር፣ ሰው ሲሞትባቸው ቁልቁል የሚወርድ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍረው ከሥሩ ክፍል ያወጡ ነበር። ሟቹን እዚያ አስተኝተው ዙሪያውን የሸክላ ሰው ያጅቡለታል፦ ከበሮ መቺ አለ፣ ጋሻ የያዘ አለ፣ ጎን ለጎን የተቀመጡ ባልና ሚስት አሉ፣ ምግብ በሳህን አለ። ውሻም አለ። ውሻው ነፍስን በጨለማው መንገድ እየመራ ወንዝ ያሻግራል ይባላል። «ባት ዊ ዶንት ኖው ፎር ሹር፣ አንክል» አለ ናታን። ሰዎቹ ጽሑፍ አልተዉም፤ ብዙውን መቃብር ደግሞ ሌባ ቀድሞ በርብሮታል። እንግዲህ በማያውቀው ነገር ነው ኤ የሚያገኘው! እኔ ባላወቅኩት ነገር ኤፍ ነው የሰጡኝ።

ይኼኛው ውሻ ጥንታዊ አይደለም፤ ኦክላንድ ያለች አንዲት የኮሊማ ሴት በጥንቱ አምሳል የሠራችው ነው። ጋሼ ግን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ያሻሹታል።

«ይህ ቀብሬ ውስጥ አጠገቤ ይቀመጥልኝ» አሉ።

«ጋሼ፣ ቄሱ ምን ይላሉ?» አልኩ።

«ቄሱ የራሳቸውን ያሠሩ።»

«እኔስ?»

«አንተማ ለቀብሬም ትዘገያለህ። ብትደርስም ሰው ታስቃለህ። ይሄ ቢያንስ ዝም ይላል። ናታን ያስቀምጥልኛል።»

ናታን ፈገግ አለ። ያቺን ፈገግታ አልረሳትም።

ከዚያ ወዲህ ውሻው ቴሌቪዥኑ አጠገብ፣ የእትዬ ፋንታዬ ፎቶ የነበረበት ቦታ ላይ ነግሧል። ጋሼ ሲወጡ «ደህና ዋል» ይሉታል። ለእኔ «ቆሻሻውን አውጣ» ነው የምትደርሰኝ። መነጽሬን ባደርግለት ሳይስቁ አወለቁለት። አጥንት ከፊቱ ባስቀምጥ «ምግብ አይቀለድበትም» አሉኝ። ቀንቼ እንዳይመስልዎ። የቀና ሰው ምግብ አይበላም ይባላል፤ እኔ እየበላሁ ነው፤ የናታንንም ድርሻ ጨምሬ።

«በእጅ ያልተጻፈ ደብዳቤ የመብራት ኃይል ማስታወቂያ ነው» ስላሉኝ ይኸው በእጄ ጽፌ፣ ገጽ በገጽ ፎቶ አንስቼ ለሂክማ በቴሌግራም እልካለሁ፤ እሷ የምትሠራበት ፋርማሲ ውስጥ ፕሪንት አድርጋ ታምጣልዎ። የጉልበትዎ ቅባት ተገዝቷል። በምላሹ ለጋሼ አንድ መስመር ይጻፉልኝ፦ «ልጁን ወደ ሹመቱ መልሰው» ብለው።

የተሻረው ልጅዎ፣
ሚክያስ


ደሴ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለሚክያስ

ሌላው ሁሉ ተሰጥቶህ የቀረህ እሱ ብቻ ነውና፣ እግዚአብሔር ልቦና ይስጥህ። እኔ አለሁ። ጉልበቴን ጠይቀሃል፤ ሦስት ቀን መሬት ተቀምጬበት እንዴት እንደሚሆን ራስህ ገምት።

ሂክማ ያመጣችልኝ አንዲት ቅጠል ወረቀት ናት። ኔትወርኩ ጠፋና ሁለተኛው ገጽ አልገባላትም። ያቺ ወረቀት «ድንገት» ላይ ታልቃለች። አንተ ልጅ! ሰማንያ ሊሞላው ስለደረሰ ሰው «ሶፋው ላይ ጋደም እንዳለ፣ ድንገት» የሚል ጽሑፍ የደረሰው ሰው ምን ብሎ ይጨርሰዋል? ድንገት ዳንስ ጀመረ ይበል?

ነጠላዬን አዘቀዘቅኩ፤ ያዘዝከኝ አንተ ነህ። ሂክማ እጄን ያዘችኝ፤ እሱንም አንተ ነህ ያዘዝከው። አቶ ፍሬምናጦስ የእድራችን ጸሐፊ ጥሩንባ አስነፋ፤ ድንኳን ተተከለ፤ ንፍሮ ተቀቀለ። በአቶ ፍሬምናጦስ ስልክ ደወልኩልህ፤ ጠርቶ ጠርቶ ዘጋ። ለቅሶ ቤት ማን ስልክ ያነሳል ብዬ ተውኩት። ወንድሜ ጋ እንዳልደውል እሱ ጆሮው ከከበደ ወዲህ ስልክ አይሰማም። ቢሰማስ ኖሮ ለሞተ ሰው ይደወላል?

ለዶክተር ማንደፍሮ ደወልኩ። የተማሪነት ጓደኛው ነው፤ እዚያው ኦክላንድ ስለሆነ። «አደራህን፣ ልጁ ከሬሳ ጋር ብቻውን ነው፤ ሰው ይዘህ በማለዳ ድረስለት» አልኩት። ሲነጋላቸው ደወለልኝ። «ለተ፣ ሟቹ ራሱ በሩን ከፈተልን» አለኝ። ወዲያው ከኋላው የወንድሜን ጩኸት ሰማሁ፤ ጩኸት ስልህ የለቅሶ ጩኸት። ማንደፍሮ «የቀረውን ሚክያስን ጠይቂ» ብሎ ዘጋብኝ። ከዚያ ወዲህ ማንም አልነገረኝም። ሁላችሁም ታፍራላችሁ መሰለኝ፤ ማፈሩስ ይገባችኋል።

ድንኳን መንቀል እንደ መትከሉ ቀላል እንዳይመስልህ። ከሐይቅ ድረስ የመጣውን ለቀስተኛ ምን ትለዋለህ? «ይቅርታ፣ ተነሥቷል» ትላለህ? ንፍሮው አንዴ ስለተቀቀለ በሉ፤ እያጉረመረሙ በሉ። አንዷ ጎረቤት «እትዬ ለተ፣ ለሚቀጥለው ጊዜ አጣርተው ይጥሩን» አለችኝ። የሚቀጥለው ጊዜ!

ሁለተኛው ገጽህ ንፍሮው ካለቀ በኋላ ገባ። ሳነብ ሳቅ መጣብኝ፤ አንድ ቦታ ላይ ግን ደረቀብኝ። «ቀብሬ ውስጥ አጠገቤ ይቀመጥልኝ» አለ? የትኛው ቀብር ነው? መድኃኔዓለም ግቢ፣ በእናታችን እግር ሥር፣ ለሁለታችን ቦታ እንዳለ እሱ ያውቃል። አባታችንን የቀበርን ዕለት ተማምለናል። እኔ በግራ፣ እሱ በቀኝ። በመሃላችን ውሻ የሚገባበት ስንዝር የለም። ወይስ እዚያው በሰው አገር ከሸክላ ጋር ሊቀር አስቧል? ሚስቱ እዚያ ተቀበረች፣ ዝም አልኩ። አሁን ደግሞ ውሻ?

ይህን ጠይቅልኝ። ስታላግጥ ሳይሆን እንደ ሰው ጠይቀው። ቅባቱን ተወው፤ የውሻውን ፎቶ ላክልኝ፤ ከፊትም ከጎንም። በሩ ላይ የሆነውንም አንድ ሳታስቀር ጻፍልኝ።

ለተ ማርያም


ሳን ሆዜ፣ ኦክቶበር 26 ቀን 2024

ይድረስ ለእትዬ

ከዚህ ሆኜ ጉልበትዎን ስሜያለሁ፤ ሦስት ቀን መሬት የተቀመጠውን። ከእንግዲህ ዐረፍተ ነገር ሳልጨርስ ገጽ አላዞርም። ስልኩን ያላነሳሁት የአቶ ፍሬምናጦስን ቁጥር ስለማላውቀው ስካም መስሎኝ ነው። ዛሬ አልቀልድም። እሞክራለሁ።

ማለዳ ነው። ዶክተር ማንደፍሮና እዚህ አጠገባችን ካምቤል የሚኖሩት ጓደኛቸው ጋሽ ባዩ፣ ከሁለት ሴቶች ጋር መጡ። ሁሉም ጥቁር በጥቁር ናቸው። ጋሽ ባዩ ለለቅሶ ቤት እንደሚደረገው የታሸገ ውሃ በካርቶን ተሸክመዋል። ደወሉ ሲጫን ሳሎን የምትበራ መብራት አለች፤ ጋሼ እሷን አይተው በፒጃማ፣ መስሚያቸውን ሳያደርጉ ከፈቱ።

ዶክተር ማንደፍሮ አፋቸው ተከፍቶ ቀረ። ጋሽ ባዩ ውሃውን እግራቸው ላይ ጣሉት። ከሴቶቹ አንዷ አማተበች።

እስቲ አሁን በጋሼ ዓይን ይዩት። ገና በማለዳ፣ ጥቁር የለበሱ ሽማግሌዎች፣ በርዎ ላይ፣ ዝም ብለው። ፈረንጅ ቢሆን «ሜይ አይ ሄልፕ ዩ?» ይላል። ለኛ ሰው ግን ይህ መርዶ ነው፤ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ጋሼ አንድ በአንድ አዩዋቸውና፣

«ለተ?» አሉ።

«ኧረ አይደለም፣ ኃይሌ! አንተ ነህ እንጂ የሞትከው!» አሉ ዶክተር ማንደፍሮ። ለማን ይሰማል? ጋሼ የሚያዩት የሚንቀሳቀስ ከንፈርና የሴቶቹን እንባ ነው። ሴቶቹ ያለቀሱት ደግሞ በሕይወት ስላገኟቸው ነው። ይኼኔ ጋሼ ጮኹ። «እህቴን! እህቴን!» እያሉ ደረታቸውን መቱ። እኔ ሲጮኹ ሰምቼ በቁምጣ ስወጣ ሽማግሌዎቹን አየሁ።

እኔም አመንኩ፣ እትዬ። ዶክተር ማንደፍሮ «ደህና ናት፣ አንተ ጅል!» ብለው እስኪያምባርቁብኝ ድረስ አመንኩ። ያቺን ጊዜ እዚህ ላይ አልጽፋትም።

በመጨረሻ ዶክተሩ ካርቶኑ ላይ በትልቁ «ለተ ደህና ናት» ብለው ጽፈው ዓይናቸው ሥር አቆሙላቸው። ጋሼ አነበቡ። ደግመው አነበቡ። ከዚያ የውሃው ካርቶን ላይ ተቀመጡና፣

«ታዲያ ማን ነው የሞተው?» አሉ።

«አንተ።»

«ማን አለ?»

ሁሉም ዞር ብለው እኔን አዩኝ። የቀረው ተራ ነገር ነው።

ጋሼ ከዚያ ዕለት ጀምሮ አያናግሩኝም። መልእክት ሲኖራቸው ለውሻው ነው የሚሰጡት። «ለዚያ ልጅ ንገረው፣ ቆሻሻው ይውጣ» ይሉታል፤ ያውም እኔ አጠገቡ ቆሜ። ስለ መቃብሩ እንዳዘዙኝ እንደ ሰው ጠየቅኳቸው። ውሻውን አዩትና «ጉዳዩ የሚመለከታት ራሷ ትጠይቅ በለው» አሉት። ቤት ውስጥ ካሉት ፍጥረቶች ሁሉ የእኔ ማዕረግ ዝቅ ብሏል። ናታን ሲመጣ ደግሞ «ሰላም ነው፣ የኔ ጎበዝ!» ነው። በሰባራ አማርኛው «ደና ነን» ይላቸዋል፣ ብዙ ሆኖ የመጣ ይመስል፤ እሳቸው ያጨበጭባሉ። እኔ አንድ ሙሉ መዝሙረ ዳዊት ብደግምላቸው ማዛጋት ነው።

የውሻው ፎቶ ተልኳል። መነጽሩ የእኔ ነው።

ሚክያስ


ደሴ፣ ኅዳር 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሚክያስ ሆይ፣

ሰላም ይብዛልህ። መልስ ያዘገየሁት ሳልናደድ ልጽፍልህ ብዬ ነበር፤ አልሆነልኝም።

ፎቶውን አይቼዋለሁ። ሆዱ አስጠላኝ። ሂክማ «እትዬ፣ ደስ ይላል እኮ» አለችኝ፤ ፎቶውን ይዛ ወደ ቤቷ እንድትሄድ አደረግኳት።

አንድ ነገር ልጠይቅህና በቀጥታ መልስልኝ። ለፋንታዬ፣ ለሚስቱ፣ ደረቱን መትቶ ነበር? ወይስ እንደ ፈረንጅ በመሐረብ ነው ያለቀሰላት? ለማወቅ ያህል ነው።

ሌላም አለ። «የቀረው ተራ ነገር ነው» ብለህ ዘለልከኝ። ማንደፍሮ ለሚስቱ ነገራት፣ ሚስቱም ለእኔ። ወንድሜ ያን ጊዜ ወደ ሳሎን ሮጦ ያን ውሻ ታቅፎ ወጣ አለችኝ። ከዚያ በላይ አላውቅም አለች። እኔ ሞቼ የታቀፈው ውሻ ነው? የእናቴ ልጅ እኔን እያለቀሰ ሸክላ ያቅፋል? አንተ ደግሞ ይህን አይተህ ደበቅከኝ። ለማን አዝነህ ነው?

የመቃብሩንም ነገር «ራሷ ትጠይቅ» አለኝ። አልጠይቅም። ቃል የገባ ሰው አይጠየቅም።

ስማኝ እንግዲህ። ያ ውሻ ከዚያ ቤት ይውጣ። እንዳትሰብረው፤ ሴትየዋ ለፍታበታለች፣ የሰው ድካም መስበር ነውር ነው። ግን ይውጣ። ለሠሪዋ መልስላት፤ እንዴት እንደሆነ አንተ ታውቅበታለህ፤ ልጅ ሳለህ የጎረቤት በግ ሰው ሳያይህ ጣራ ላይ ያወጣህ ነህ። ይህን ካደረግክ ቀባሪነቱን ከእኔ ታገኛለህ። ወንድሜ የሻረህ ከሆነ እኔ እሾምሃለሁ። እኔም ሟች ነኝ፤ ደግሞም ከእሱ የተሻልኩ ሟች ነኝ።

ከጻፍክልኝ በእርጋታ ጻፍ። ከእንግዲህ ቅባትም ፎቶም አልፈልግም።

ለተ ማርያም


ሳን ሆዜ፣ ኖቬምበር 24 ቀን 2024

ይድረስ ለአዲሷ ሿሚዬ፣ ለእትዬ ለተ ማርያም

ይህ ደብዳቤ በሰላም፣ በሙሉ ገጹ ይድረስዎ።

ትእዛዝዎን ፈጸምኩ፤ ከዚያም አፈረስኩ። በቅደም ተከተሉ ልንገርዎ።

ጋሼ ለሐኪም ቀጠሮ ሲወጡ ውሻውን በፎጣ ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና ኦክላንድ በባቡር ሄድኩ። ጆሮው ከዚፑ ወጥቶ ስለታየ አጠገቤ የተቀመጠች ሴትዮ «አው፣ ሶ ኪውት! ተኝቶ ነው?» አለችኝ። «ሁለት ሺህ ዓመት ሆነው» አልኳት፤ ቦታ ቀየረች።

ሠሪዋ ሴኞራ ኦፌሊያ ትባላለች። መሥሪያዋ ገብቼ ሳየው መደርደሪያው ሁሉ የጋሼ ውሻ ነው፤ የቆመ፣ የተጋደመ፣ ሁለት ሆኖ የሚጨፍር። ማን ቁጭ ብሎ ጭቃ ሲያድበለብል አገኘሁት? ናታን! ቅዳሜ ቅዳሜ ከእሷ ይማራል። ቦርሳዬን አየና፣

«ዩ ስቶል ሂም?» አለ።

«ተውሼ ነው።»

«አንክል ይሞታል፣ ብሮ!»

«አንድ ጊዜ ሞቷል፣ ለምዶታል።»

ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ዋጠና እኔ ያልጠበቅኩትን ተናገረ፤ እንግሊዝኛውን ላስተካክልልዎ። «ከእኔ ጋር ሲሆን ሌክቸር ነው የሚሰጠኝ፤ ድልድይ፣ ብረት፣ የድሮ ፖለቲካ። አንተ ስትገባ ግን በአማርኛ አንድ ነገር ትለዋለህ፣ እሱ ይስቃል፣ እኔ ምን እንደተባለ አይገባኝም። ውሻውን የገዛሁለት አንድ ጊዜ እኔም ላስደስተው ብዬ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ደግሞ ሚኪ ለውሻው መነጽር አደረገለት፣ ሚኪ አጥንት ሰጠው እያለ የሚያወራው ስለ አንተ ነው።»

«ሳይስቁ እኮ ነው ያወለቁለት!» አልኩት።

«አንተ ከወጣህ በኋላ ነው የሳቀው።»

እትዬ፣ እኔ በእሱ ስቃጠል እሱ በእኔ ሲቃጠል ከርሟል። ሲቃጠል ከርሞ አንድ ቃል አልተነፈሰም፤ እኔ ብሆን ጥሩንባ አስነፋለሁ። ትንሽ አዘንኩለት፤ ብዙ ግን አይደለም።

ሴኞራ ውሻውን ከፎጣው አውጥታ አገላበጠችው፣ ደህና መሆኑን አይታ መለሰችልኝ። «ቤት ያለው ውሻ አልቀበልም» አለች። እርስዎ የሸክላውን ድካም እንዳከበሩላት ነግሬያታለሁ፤ ሰላም ብላዎታለች። ናታን ደግሞ ስለዚያ አገር መቃብሮች ሌላ ነገር ጨመረልኝ፦ አንዳንዱ ጉድጓድ ለአንድ ሰው ብቻ አይደለም አለ። ከቤተሰቡ ሌላ ሲሞት ያንኑ ጉድጓድ እንደገና ከፍተው፣ የቀድሞዎቹን አጥንት ጠጋ ጠጋ አድርገው፣ አዲሱን ከእነሱ ጋር ያስተኙ ነበር። ይህን ስሰማ እርስዎን አሰብኩ፤ በግራና በቀኝ ያሉትን።

ስመለስ ጋሼ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። አሁን ውሻው ቦርሳ ውስጥ ስለሆነ መልእክት የሚልኩበት የለም፤ እኔን ለማናገር ተገደዱ።

«የት ወሰድከው?»

«ሠሪዋ ጋ። እትዬ ናቸው ያዘዙኝ። መቃብርዎ ውስጥ ውሻ እንዳይገባ።»

«ለተ? ለተ በሸክላ ቀናች?»

«ሁላችንም ነን የቀናነው፣ ጋሼ።»

ተቀመጡ። መስሚያቸውን አስተካከሉ። እንዲህ ነው ያሉት፤ አንድ ቃል አልጨመርኩም፦ «የእኔ ቦታ እናቴ እግር ሥር ነው። ሌላ የት ልሄድ? ሬሳዬን እናንተ በአውሮፕላን ታደርሱታላችሁ። ነፍሴስ? እኔ ከደሴ የወጣሁት ጠጉሬ ጥቁር ሳለ ነው፤ መንገዱ ተቀይሯል ይሉኛል። ይህ ውሻ መንገድ ይመራል ሲባል፣ እንግዲያው እስከ ለተ ይምራኝ አልኩ። ቀልድ ነው። ግን ቀልድ ብቻም አይደለም።»

አሁን የዘለልኩትን ልንገርዎ። ያን ማለዳ ውሻውን ታቅፈው የወጡት ሊያለቅሱበት አይደለም። ለዶክተር ማንደፍሮ እየሰጧቸው «ይህን ላኩላት! አሁኑኑ ላኩላት! ብቻዋን ነው የሄደችው፣ ጨለማ ትፈራለች» እያሉ ነበር። ዶክተሩ ስላፈሩ ለሚስታቸው ግማሹን ብቻ ነገሩ። እኔ ያልጻፍኩት አፍሬ አይደለም። በእርስዎ ስለቀናሁ ነው። እኔን ከቀባሪነት የሻሩበትን ውሻ ለእርስዎ ሳያመነቱ ሰጡ። ለእትዬ ፋንታዬ ደግሞ፣ ስለጠየቁኝ፣ በመሐረብ ነው ያለቀሱት። እርስዎ አሸንፈዋል።

ከዚያ ቀጥሎ ጋሼ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ላፕቶፑን አምጣ አሉኝ። «ሞተች ብዬ አልቅሼላታለሁ፤ ከእንግዲህ ውሻ እስኪመራኝ አልጠብቅም። በሕይወት ልያት» አሉ። ቲኬቱ ተቆርጧል፤ ለገና ደሴ ነን። ናታን ፈተና አለበትና አይመጣም፤ በዚህ ደስ አላለኝም አልልዎትም። የቀባሪነቴን ነገር በዚያው አጋጣሚ አነሳሁባቸው። በመነጽራቸው ላይ አጨንቁረው አዩኝና፣

«አንተ ልጅ፣ እኔን ለመቅበር ይህን ያህል የምትጣደፈው ምን አድርጌህ ነው? ሹመቱ ይቆይህ። ለጊዜው ሻንጣዬን ያዝልኝ» አሉኝ።

ይኸው ሻንጣ ተሸካሚ ሆኛለሁ። ከመድኃኔዓለም አጥር አጠገብ ለጋሼ የሚሆን፣ ብዙ ደረጃ የሌለው ማረፊያ ይፈልጉልን፤ ጋሼ ግን ከእርስዎ ቤት ሌላ አልገባም ብለዋል፣ እንግዲያው አይፈልጉ። ለአቶ ፍሬምናጦስም ይንገሩልኝ፦ ሟቹ ራሳቸው መጥተው እድሩን ያመሰግናሉ፤ እንዳይደነግጡ።

ይህን ሁሉ ቀለም ካፈሰስኩ በኋላ መለስ ብዬ ሳየው፣ በመጀመሪያው ገጽ ያሰማሁት መራራ ዜና ይህን ያህል ሆኖ ተገኘ፦ አንድ ሽማግሌ እህታቸው ናፈቀቻቸው፣ ዘመድ ሁሉ በሸክላ ቀና። ማንም አልሞተም፤ ያለቀው ንፍሮ ብቻ ነው።

ሚክያስ